ምድርንም ወንድሙንም የሚጠብቅ ትውልድ

«በአጥቢያችሁ ያሉ ወጣቶች በምን ያገለግላሉ?» ተብለን ብንጠየቅ አብዛኞቻችን የምንሰጠው መልስ ተመሳሳይ ነው። መዘምራን አሉን። የድምፅ መሣሪያ የሚይዙ አሉን። እንግዳ የሚቀበሉ፣ ወንበር የሚደረድሩ፣ በኮንፈረንስ ሰሞን ምግብ የሚያስተናግዱ አሉን። ይህ ሁሉ መልካም አገልግሎት ነው፤ ጌታም ዋጋውን አይረሳም። ይሁን እንጂ እነዚሁ ወጣቶች እሑድ ከአምልኮ ሲመለሱ ሌላ ዓለም ይጠብቃቸዋል። በገጠር ያሉ ዘመዶቻቸው የሚጠብቁት ዝናብ ወይ ዘግይቶ ይመጣል፣ ወይ በአንድ ጊዜ ወርዶ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። በስልካቸው ላይ አንዱ ወገን ሌላውን የሚያንቋሽሽበት ቃል ቀንና ሌሊት ይጎርፋል። እኩዮቻቸው «አንተ ከማን ወገን ነህ?» ይሏቸዋል።

በአንድ የወጣቶች ጉባኤ ላይ ካስተማርሁ በኋላ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ ቀረብ ብሎ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «እትዬ፣ ዝናብ እንዲዘንብ በየዓመቱ እንጾማለን፣ እንጸልያለን። ከቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ ያለው ተራራ ለምን እንደተራቆተ ግን አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ጸሎቱና ተራራው አይገናኙም?»

ይህ የዓመፅ ጥያቄ አይደለም፤ የእምነት ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ያለው ልጅ በቤተ ክርስቲያን መልስ ካላገኘ ሌላ ቦታ ሄዶ ይፈልጋል። ወጣቱን ለጥላቻና ለጠብ የሚጠራው ድምፅ ደግሞ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው፤ ኮሚቴ አያስፈልገውም፣ የሽማግሌዎችን ስብሰባም አይጠብቅም። ስለዚህ ወጣቶቻችንን በሰላምና በምድር ጥበቃ ሥራ ማሰማራት በአገልግሎት ዝርዝራችን ላይ የምንጨምረው አንድ ተጨማሪ ፕሮግራም አይደለም። ልጆቻችንን ለማን አሳልፈን እንደምንሰጥ የሚወስን ጉዳይ ነው።

አንድ ቃል፣ ሁለት አደራ

እግዚአብሔር አዳምን በዔደን ገነት ያኖረው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት እንደሆነ ቃሉ ይነግረናል (ዘፍ. 2፥15)። በዕብራይስጡ ማበጀት የተባለው «ዐባድ»፣ መጠበቅ የተባለው ደግሞ «ሻማር» የሚለው ቃል ነው። እነዚሁ ሁለት ቃላት ሌዋውያን በመገናኛው ድንኳን ስለሚሰጡት አገልግሎት በተጻፈው ክፍል ላይ አብረው ይገኛሉ (ዘኍ. 3፥7-8)። እንግዲህ የመጀመሪያው ሰው አፈር ሲነካ የነበረው «ዓለማዊ ሥራ» ሊሠራ ሳይሆን የተቀደሰ አደራ ሊወጣ ነበር ማለት ነው።

አሁን ሁለት ምዕራፍ ወደ ፊት እንሂድ። ቃየን ወንድሙን ከገደለ በኋላ ጌታ አቤል የት እንዳለ ጠየቀው። ቃየን የመለሰው ወንድሙን መጠበቅ የእርሱ ሥራ እንዳልሆነ በሚያሳይ የድፍረት ጥያቄ ነበር (ዘፍ. 4፥9)። እዚህ ላይ የተጠቀመበት ቃልም ያው «ሻማር» ነው። አባቱ ምድርን እንዲጠብቅ አደራ በተቀበለበት ቃል ልጁ ወንድሙን መጠበቅን ካደ። ውጤቱስ? የአቤል ደም ከምድር ጮኸ፤ ምድርም ለቃየን ፍሬዋን ነፈገችው (ዘፍ. 4፥10-12)። የወንድም ደም የጠጣች ምድር እንደ ቀድሞው አላበቀለችም።

ይህ ሐሳብ በነቢያትም ይቀጥላል። ሆሴዕ በዘመኑ ውሸትና ደም ማፍሰስ ስለበዛ ምድሪቱ እንዳለቀሰች፣ የምድር አራዊት፣ የሰማይ ወፎችና የባሕር ዓሦችም እንዳለቁ ይናገራል (ሆሴ. 4፥1-3)። ኢሳይያስ ደግሞ የእግዚአብሔር መንፈስ ሲፈስስ ምድረ በዳው ፍሬያማ እርሻ እንደሚሆን፣ የጽድቅም ፍሬ ሰላም እንደሆነ ያበስራል (ኢሳ. 32፥15-18)። በሁለቱም ነቢያት የሰዎች ሰላምና የምድር ጤንነት ተያይዘው ይወድቃሉ፤ ተያይዘውም ይነሣሉ።

ይስሐቅን ደግሞ እናስብ። አባቱ አብርሃም ያስቆፈራቸውን፣ ፍልስጥኤማውያን በአፈር የደፈኗቸውን ጉድጓዶች እንደገና አስከፈተ። አዲስ ጉድጓድ ባስቆፈረ ጊዜ የጌራር እረኞች «ውኃው የእኛ ነው» ብለው ተጣሉት። ሁለተኛውንም ሲያስቆፍር ተጣሉት። ይስሐቅ ዱላ አላነሣም፤ እየተወ ሄዶ ሌላ አስቆፈረ፣ በሦስተኛው ላይ ሰፊ ቦታ አገኘ። በመጨረሻም ያባረሩት ሰዎች ራሳቸው መጥተው ከእርሱ ጋር በሰላም ተማማሉ (ዘፍ. 26፥18-31)። በውኃና በግጦሽ ምክንያት ደም በሚፈስስባት አገራችን ይህ ታሪክ በወጣቶች ኅብረታችን ደጋግሞ ሊጠና የሚገባው ነው። ይስሐቅ ሰላምን ያገኘው በመናገር ብቻ አይደለም፤ ውኃ እየፈለገ በመቆፈር ነው።

በዓይናችን ያየነው

በሩቅ ስላለ ነገር እየተነጋገርን አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በሶማሌ ክልል፣ በጎረቤቶቻችን በኬንያና በሶማሊያም ጭምር፣ 5 የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሰምሩ ቀሩ። ከብቶች በየመንገዱ ወደቁ፤ ብዙ አርብቶ አደሮች ቀያቸውን ለቀው ተሰደዱ። አንድ ዓለም አቀፍ የሳይንቲስቶች ቡድን በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በሰው ሥራ የመጣው የምድር ሙቀት እንዲህ ያለ ድርቅ የሚከሰትበትን ዕድል ቢያንስ 100 እጥፍ እንዳሳደገው አመልክቷል። ችግሩ የዝናቡ ማነስ ብቻ አልነበረም። የወረደውንም ጥቂት ውኃ ሙቀቱ ከአፈርና ከተክል ላይ ፈጥኖ ያደርቀው ነበር።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራ ተንዶ ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሞቱ። ከእነርሱ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ፤ እየቆፈሩ ሳሉ ሌላ ናዳ መጣባቸው። እነዚያ ሰዎች ወንድማቸውን ሊጠብቁ ሄደው ወደቁ። በእርግጥ ዛፍ ሁሉንም ናዳ አያስቆምም። ቢሆንም ቁልቁለቱን በእርከንና በሥር መያዝ፣ አደጋ በሚያሰጋው ቦታ ላይ ቤት እንዳይሠራ አስቀድሞ መምከር፣ ይህም ወንድምን መጠበቅ ነው።

ስለ ጦርነትም እንዲሁ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተካሄደው ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪቆም ድረስ ስንት ቤት እንዳዘጋ እናውቃለን። ከዚያ በኋላም በሌሎች አካባቢዎች የተኩስ ድምፅ ተሰምቷል። የትኛውም ወገን ይጀምረው፣ ጠመንጃ የሚሸከመው ወጣቱ ነው፤ ልጁን የሚቀብረውም ወላጅ ነው።

ዓለምም ይህን አስተውሏል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የጸጥታው ምክር ቤት በዲሴምበር 2015 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 2250፣ ወጣቶች ሰላምን በሚመለከቱ ውሳኔዎች ላይ ድርሻ እንዲኖራቸው መንግሥታትን ጠይቋል። ወጣቱን እንደ ስጋት ወይም እንደ ተጎጂ ብቻ ማየት ቀርቶ የሰላም ሠራተኛ አድርጎ መቀበል እንደሚገባ ዲፕሎማቶች ከተስማሙበት ዓመታት አልፈዋል። ጳውሎስ ግን ጢሞቴዎስን ወጣትነቱን ማንም እንዳይንቀው የመከረው ከ1,900 ዓመታት በፊት ነው (1ጢሞ. 4፥12)። ምክር ቤቱን እኛ ልንቀድመው ይገባን ነበር።

«ምድር ትቃጠል የለ?»

ይህን ርእስ ባነሣሁበት ቦታ ሁሉ የሚቀርብ አንድ ተቃውሞ አለ። «ጌታ ሊመጣ ነው፤ ይህች ምድር በእሳት ልታልፍ ተወስኖባታል። እኛ ነፍስ እናድን እንጂ ለምን ዛፍ ስንተክል እንውላለን?» ይባላል። ተቃውሞው ከንቀት የመጣ አይደለም፤ የጌታን መምጣት ከልብ ከመናፈቅ የመጣ ነው። ስለዚህ ከቃሉ ልንመልስለት ይገባል።

በመጀመሪያ፣ ስለ እሳቱ የሚናገረው የጴጥሮስ መልእክት ክፍል የሚያበቃው በተስፋ ነው፤ ጽድቅ የሚኖርበትን አዲስ ሰማይና አዲስ ምድር እንጠብቃለን (2ጴጥ. 3፥10-13)። ጳውሎስም ፍጥረት ከእግዚአብሔር ልጆች ጋር ነጻ የሚወጣበትን ቀን በናፍቆት እንደሚጠባበቅ ይናገራል (ሮሜ 8፥19-22)። አምላካችን የእጁን ሥራ የሚጥል አምላክ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ኤርምያስ በባቢሎን ላሉ ምርኮኞች የላከውን ደብዳቤ እንመልከት። ምርኮው ከ70 ዓመት በኋላ እንደሚያበቃ ነግሯቸዋል። ይሁን እንጂ «ልትሄዱ ነውና ምንም አትሥሩ» አላላቸውም። አትክልት እንዲተክሉና ፍሬውን እንዲበሉ፣ የሚኖሩባትንም ከተማ ሰላም እንዲሹና እንዲጸልዩላት አዘዛቸው (ኤር. 29፥5-10)። መትከልና ሰላምን መፈለግ በአንድ ደብዳቤ ውስጥ፣ ሊወጡ ቀን ለተቆረጠላቸው ሰዎች የተሰጡ ትእዛዞች ናቸው።

ሦስተኛ፣ መጋቢነት የሚለውን ቃል እናስብ። የመጋቢ ሚስት እንደ መሆኔ ይህን ቃል በየቀኑ እሰማዋለሁ፤ ባለቤቴ የሚጠራው በእርሱ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ግን መጋቢ ማለት የጌታው ንብረት በአደራ የተሰጠው ሰው ነው፤ ከእርሱም የሚፈለገው ታማኝ ሆኖ መገኘት ነው (1ቆሮ. 4፥1-2)። ጌታው በቅርብ ይመጣል ብሎ ቤቱን ያፈረሰ መጋቢ ታማኝ አይባልም። የጌታን መምጣት የሚናፍቅ ሰው ጌታው ሲመጣ ቤቱን ጠርጎ ይቆየዋል።

እ.ኤ.አ. በ2010 በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን የተሰበሰበው የሎዛን ጉባኤ ያወጣው የኬፕ ታውን የቃል ኪዳን ሰነድም ፍጥረትን መንከባከብን ከክርስቶስ ጌትነት ጋር አያይዞታል። ምድር የጌታ ከሆነች ጌታን እንወድዳለን ብለን የእርሱ የሆነውን ልናበላሽ አንችልም። ወጣቶቻችን ይህን ሲሰሙ «አዲስ ትምህርት» እየሰሙ አይደለም፤ የወንጌል አማኞች የሆንን ሁላችን የምንቀበለውን እውነት ነው።

ከጉቶው የበቀለው

ቶኒ ሪናውዶ የተባለ አውስትራሊያዊ የግብርና ባለሙያ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በኤስ.አይ.ኤም. በኩል ወደ ኒጀር በሚስዮናዊነት ሄደ። ኤስ.አይ.ኤም. ለእኛ እንግዳ ስም አይደለም፤ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወንጌልን ወደ ወላይታና ወደ አካባቢው ያመጡ ሚስዮናውያን የተላኩበት ድርጅት ነው። ሪናውዶ በረሃውን ለመግታት ችግኝ ያስተክል ነበር፤ የተተከለው ግን አብዛኛው ይደርቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ ቀን በአሸዋማ መንገድ ላይ የመኪናውን ጎማ አየር ለመቀነስ ቆሞ ሳለ ተስፋ በመቁረጥ ወደ እግዚአብሔር ጸለየ። ቀና ሲል ቁጥቋጦ መስሎ የሚታይ ነገር አየ። ቀርቦ ቅጠሉን ሲመለከት ቁጥቋጦ አይደለም፤ ከተቆረጠ ዛፍ ጉቶ ላይ የበቀለ ቀንበጥ ነው። በዚያ በረሃ ላይ እንዲህ ያሉ ጉቶዎች ብዙ ነበሩ፤ ሥራቸው ከመሬት በታች ሕያው ነበር። የሚያስፈልገው ጠንካራውን ቀንበጥ መርጦ ሌላውን መግረዝና ከከብትና ከመጥረቢያ መጠበቅ ብቻ ነበር። ገበሬዎች ይህን ዘዴ ተቀብለው በኒጀር 5 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ዛፍ እንደገና ለበሰ። ሪናውዶም በ2018 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለ።

ዘዴው ወደ እኛም መጥቷል። በወላይታ ሁምቦ ወረዳ ወርልድ ቪዥን ከአካባቢው ኅብረተሰብ ጋር ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ላይ ሠራ። አብዛኛው ደን የተመለሰው አዲስ ችግኝ በመትከል ሳይሆን የቀሩትን ጉቶዎች በመግረዝና በመጠበቅ ነው። ሕዝቡ በ7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅቶ ደኑን ራሱ ይጠብቅ ጀመር። በ2009 እ.ኤ.አ. ይህ ሥራ በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ከተመዘገቡ የአፍሪካ የመጀመሪያዎቹ የደን ፕሮጀክቶች አንዱ ሆነ።

ሰላምን በተመለከተ ደግሞ ወደ ኬንያ እንመልከት። ዋንጋሪ ማታይ በ1977 እ.ኤ.አ. የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን ስትመሠርት ከገጠር ሴቶች ጋር ችግኝ በማፍላት ጀመረች። በ2004 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሰላም ሽልማትን ስትቀበል «ዛፍ የተከለች ሴት የሰላም ሽልማት ለምን ይሰጣታል?» ያሉ ነበሩ። መልሱ ቀላል ነው፤ እንጨት፣ ውኃና ለም አፈር ባነሰ ቁጥር ጎረቤት ከጎረቤት ይጣላል። ዛፉን የተከለ ሰው ጠቡን ከሥሩ ይነቅላል።

ወጣትነት እንቅፋት እንደማይሆን ደግሞ ቫኔሳ ናካቴ ታሳየናለች። ክርስቲያን መሆኗን የምትናገር ይህች ኡጋንዳዊት በ2019 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በካምፓላ መንገዶች ላይ ጽሑፍ ይዛ ስትቆም ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበረች። በመቃወም ብቻ አላበቃችም፤ በአገሯ ትምህርት ቤቶች የፀሐይ ኃይልና ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ የሚተክል ፕሮጀክት ጀመረች። ወጣቶቻችን ከእርሷ የሚማሩት ይህንኑ ነው፤ ድምፅ ማሰማትና እጅን ማቆሸሽ አብረው ይሄዳሉ።

የሪናውዶን ጉቶ ግን አልረሳውም። «የዛሬ ወጣት ምን ይረባል? ስልክ ላይ ተጥዶ ይውላል» የምንል ወላጆችና ሽማግሌዎች ብዙ ነን። ቁጥቋጦ መስሎን ያለፍነው ነገር ሥሩ ሕያው የሆነ ዛፍ ቢሆንስ?

ቤተ ክርስቲያን ምን ታድርግ?

1ኛ. ከተከላ ቀን ወደ እንክብካቤ ዓመት እንሻገር። በአገራችን የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ችግኝ ያልተከለ አጥቢያ ጥቂት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። መትከል የአንድ ማለዳ ሥራ ነው፤ መጠበቅ ግን የዓመታት ነው። ስለዚህ ለየወጣት ኅብረቱ የተወሰነ ቦታ እንስጥ። በሐምሌ የተከሉትን በጥርና በየካቲት ውኃ ያጠጡ፣ ከከብት ይጠብቁ፣ የደረቀውን ይተኩ። በዓመቱ ስንቱ እንደጸደቀ ቆጥረው በጉባኤ ፊት ያቅርቡ። ከባሕር ዛፍ ይልቅ ለቦታው የሚስማማ አገር በቀል ዛፍ፣ እንደ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ግራር ያለውን፣ ይምረጡ። ርግቧ ለኖኅ ያመጣችለት የወይራ ቅጠል የምድርም የሰላምም ምልክት እንደሆነ አንርሳ (ዘፍ. 8፥11)።

2ኛ. ከጎረቤት ጋር አብረው ይሥሩ። ምንጭ ሲጠረግ፣ ጎርፍ የበላው መንገድ ሲጠገን፣ ወጣቶቻችን ከኦርቶዶክስና ከሙስሊም እኩዮቻቸው ጎን ይሰለፉ። ይህ እምነትን መደባለቅ አይደለም፤ በተቻለን መጠን ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም እንድንኖር የተሰጠንን ትእዛዝ መፈጸም ነው (ሮሜ 12፥18)። አንድ ምንጭ አብረው የጠረጉ ልጆች ነገ ክፉ ወሬ ሲመጣ ቢያንስ ደውለው የሚጠይቁት ሰው ይኖራቸዋል።

3ኛ. አደራውን ከነሥልጣኑ እንስጣቸው። ብዙ ጊዜ ወጣቱን «አንተ ተሸከም፣ እኛ እንወስናለን» እንለዋለን። በአጥቢያው የልማት ኮሚቴ ውስጥ ወንድም ሴትም ወጣቶች ድምፅ ይኑራቸው። ትንሽም ቢሆን በጀት ይያዝላቸው፤ ሒሳቡን ለሽማግሌዎች ያቅርቡ። ታማኝነት የሚለመደው በጥቂቱ በመታመን ነው (ሉቃ. 16፥10)።

4ኛ. ስልካቸውን የሰላም መሣሪያ ያድርጉት። በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ ላይ አንድ ነገር ከማስተላለፋቸው በፊት ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይልመዱ፦ እውነት ነው? አንድን ሕዝብ በጅምላ ያዋርዳል? ያ ሰው ፊቴ ቢቆም ይህን እለዋለሁ? የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185 በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል። ለክርስቲያን ግን ከአዋጁ በፊት የአንደበት ሕግ አለው (ያዕ. 3፥9-10)።

5ኛ. የእርቅን ሥራ ይማሩ። ሽምግልናን ከአባቶች የተረከበ ትውልድ እየቀነሰ ነው። አገር ያከበራቸው ሽማግሌዎች ጠብ እንዴት እንደሚያበርዱ፣ ሁለቱን ወገን እንዴት እንደሚሰሙ፣ ካሣና ይቅርታ እንዴት እንደሚያገናኙ በወጣቶች ጉባኤ ተጠርተው ይንገሯቸው።

ከእራት ማዕድ ይጀምራል

ባለትዳሮች ሆይ፣ ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ በቤታችን ካልጀመረ በአጥቢያችን አይጸናም።

አንድ ጊዜ ባልና ሚስት ለምክር ወደ እኛ መጡ። የ9 ዓመት ልጃቸው በክፍል ውስጥ ከአንዲት ልጅ አጠገብ አልቀመጥም ብላ አስተማሪዋ ወላጆቿን ጠርታቸው ነበር። ምክንያቷን ስትጠየቅ የልጅቷን ብሔር ጠቅሳ «እነርሱ ክፉዎች ናቸው» አለች። ወላጆቹ በጣም ደነገጡ፤ ሁለቱም በቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ናቸው። «ይህን ከየት ሰማች?» ብለው ሲመረምሩ መልሱ ሩቅ አልነበረም። አባት ማታ ማታ ዜና እየሰማ የሚናገረውን፣ እናት ከእኅቷ ጋር በስልክ የምታወራውን ልጅቷ ሰምታ አኑራዋለች። ልጆች ስብከታችንን ይረሱ ይሆናል እንጂ የእራት ሰዓት ወሬያችንን አይረሱም።

ስለዚህ በቤታችን አንድ ሕግ እናኑር። ስለ የትኛውም ሕዝብ ስንናገር የዚያ ሕዝብ ልጅ ከእኛ ጋር ማዕድ ላይ እንደተቀመጠ አድርገን እንናገር። ለቀልድም ቢሆን። በቤተሰብ ጸሎት ሰዓትም ስለ ወገናችን ብቻ ሳይሆን በስም ጠቅሰን ስለ ሌላው ወገን እንጸልይ።

ልጆች እርቅን የሚማሩት ደግሞ ከትዳራችን ነው። ጠባችንን አይተው እርቃችንን ካላዩ፣ ጠብ መጨረሻ የሌለው ነገር ይመስላቸዋል። አባት «ለእናታችሁ የተናገርኩት ልክ አልነበረም፤ ይቅርታ ጠይቄአታለሁ» ሲል ልጆቹ ሲሰሙ፣ ከየትኛውም የሰላም ኮንፈረንስ የበለጠ ትምህርት ያገኛሉ።

ስለ ምድር ጥበቃም ቤታችን ይናገር። እንጀራ የምንጋግረው በክፍት ጉልቻ ላይ ከሆነ ማገዶ ቆጣቢ ምጣድ ምን ያህል እንጨት እንደሚያድን ከልጆቻችን ጋር እንቁጠር። ከሰል የምንጠቀም ከሆነ ላቀች ምድጃ ከተራው የከሰል ምድጃ ያነሰ ከሰል እንደምትበላ እናሳያቸው። የልብስ እጣቢ ውኃ ለመጸዳጃ ቤት፣ አትክልት ያጠብንበት ለጓሮ ይዋል። ገበያ ስንሄድ ዘንቢል እንያዝ፤ ፌስታል በየጊዜው አንሰብስብ። በሠርጋችንና በምርቃታችን የሚጣለውን የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙስ ብዛት እናስብ። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች የዓለምን ሙቀት ብቻቸውን አያበርዱም፤ ልጆቻችንን ግን ጠባቂዎች አድርገው ያሳድጋሉ።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ነገሮች

ወጣቶችን ስናሰማራ እረኝነታችን አይቋረጥ። ግጭት ወዳለበት ቦታ በስሜት አንላካቸው፤ የአካባቢውን ሁኔታ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሳይማከሩ አይሂዱ። ለአካለ መጠን ያልደረሱ ካሉ ወላጅ ይወቅ። ሥራው የማንም ፓርቲ መጠቀሚያ አይሁን፤ ሆኖም «ፖለቲካ ነው» ብለን የሰላምን ሥራ ሁሉ አንዝጋ። ሰላም የሚያደርጉ ብፁዓን እንደሆኑ የተናገረው ጌታችን ነው (ማቴ. 5፥9)። ለፎቶ ብቻ የሚሠራ ሥራም ልብን ባዶ ያስቀራል።

ሌላው ተስፋ መቁረጥ ነው። ስለ ድርቁ፣ ስለ ጎርፉና ስለ ጦርነቱ ብዙ የሚሰማ ወጣት «ምንም አይለወጥም» ወደሚል ጨለማ ሊገባ ይችላል። ለእርሱ የሚያስፈልገው ተጨማሪ መጥፎ ዜና ሳይሆን በእጁ የሚይዘው ሥራ፣ አብሮት የሚሠራ ወንድም፣ በመጨረሻም ፍጥረትን ሁሉ በልጁ ደም ያስታረቀ አምላክ እንዳለው ማወቅ ነው (ቆላ. 1፥20)። ተስፋችን በእኛ ጥረት ላይ የተመሠረተ ስላልሆነ ሳንታክት ልንጥር እንችላለን።

ያ ልጅ «ጸሎቱና ተራራው አይገናኙም?» ሲለኝ የሰጠሁት መልስ «ይገናኛሉ፤ የሚያገናኛቸውም አንተና እኩዮችህ ናችሁ» የሚል ነበር። ዛሬም ለአጥቢያ መሪዎች፣ ለአባቶችና ለእናቶች የምለው ይህንኑ ነው። ዝናቡን የሚሰጥ ጌታ ነው። ተራራውንና ወንድምን እንድንጠብቅ ደግሞ አደራ የሰጠው ለእኛና ለልጆቻችን ነው። ጌታ በአደራው ታማኞች ያድርገን።

ለውይይት

ለባለትዳሮች፦ ባለፈው ሳምንት በቤታችን ስለ ሌላ ብሔር ወይም ሃይማኖት ሰዎች የተናገርነውን ልጆቻችን ቢደግሙት ምን ይሉ ይሆን? ካለፈው ጠባችን በኋላ ልጆቻችን እርቃችንን አይተዋል?

ለወጣት ኅብረቶች፦ በአካባቢያችን ጠብ የሚነሣው በምን ምክንያት ነው፤ በመሬት፣ በውኃ፣ በግጦሽ ወይስ በወሬ? ባለፈው ክረምት ከተከልናቸው ችግኞች ዛሬ በሕይወት ያሉት ስንት ናቸው? ሄደን እንቁጠር።

ለሽማግሌዎች፦ በዚህ ዓመት ለወጣቶቻችን ከነውሳኔውና ከነበጀቱ ልንሰጣቸው የምንችለው አንድ አደራ ምንድን ነው?